እናቴ ግራ እጇን አነሣች

ነገሩ የጀመረው በ50 ብር ነው። የእድራችን ወርሃዊ መዋጮ 50 ብር ነበር። ድንኳኑ አርጅቷል፣ የሬሳ ሣጥን ዋጋ አልቀመስ ብሏል፣ ስለዚህ 100 ይሁን ተብሎ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ፒያሳ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ የምንገናኘው በእድር ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ፣ ስድሳ የማንሞላ ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እኔ አባል አይደለሁም። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደግፌያት ነው የሄድኩት።

ሰብሳቢው ክርክሩ ሲሰለቻቸው “እንግዲህ ድምፅ እንስጥ” አሉ። “100 ይሁን የምትሉ እጃችሁን አንሡ።”

እናቴ ግራ እጇን አነሣች። ጣቶቿ ተጨብጠው፣ ክንዷ ቀጥ ብሎ፣ አገጯ ትንሽ ከፍ ብሎ። ሌላው ሰው መዳፉን ዘርግቶ፣ ከጆሮው እንኳን ሳያሳልፍ፣ እንደ ነገሩ ነበር ያነሣው። የእሷ ጡጫ ከሁሉም በላይ ብቻውን ቆመ። ከዚያ ከአጠገቧ የተቀመጡት እትዬ፣ ግድግዳ እንጋራቸው የነበሩት የድሮ ጎረቤታችን፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ጡጫዋን ያዙት። ቀስ አድርገው አወረዱትና በነጠላቸው ሸፍነው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ስብሰባው እስኪያልቅ አልለቀቁትም።

መዋጮው 100 ሆነ። የእናቴ ድምፅ ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም።

ማታ ለወንድሜ እየሳቅኩ ነገርኩት። እሱም ተነሥቶ ጡጫውን ጨብጦ “አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!” አለ፤ በደርግ ዘመን አንደኛ ደረጃ የተማረ ሰው ይህን መቼም አይረሳውም። እናቴ ከማድ ቤት ሰማችን። ምንም አልተናገረችም፤ በሩን ብቻ ዘጋችው። ሳቃችን እዚያው ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ጡጫው ብዙም አላስጨነቀኝም። አሥራ ሰባት ዓመት የለመደ ክንድ ነው፤ አንድ ቀን ሳያስበው ቢነሣ ምን ይገርማል? የከነከነኝ የእትዬ እጅ ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጆሯቸው የከበደ፣ የእድሩን ሒሳብ እንኳን በውል የማይከታተሉ ሴት ያን ያህል ፈጥነው የደረሱት ምን አይተው ነው?

ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ

በዚያው ሳምንት የትምህርት ማስረጃ ላወጣ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ተራዬ እስኪደርስ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ከዚያ የሲሚንቶ ደረጃ ሥር ተቀመጥኩ። እዚያ ግቢ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሽቅብ ይወጣ ይወጣና አየር ላይ ያልቃል። ጣሊያኖች የሠሩት ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ ነው። ከነጻነት በኋላ የእኛ ሰዎች አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ተማሪ ሳለሁ ይህ ብልሃት በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ ጠላት የሠራውን መሰላል አንበሳችን ወጣበት እንል ነበር።

ያን ቀን ግን እርከኖቹን ሳያቸው የታየኝ የቀን መቁጠሪያ ነው። ፋሺስቶቹ ዘመን አዲስ አስጀምረው ነበር። በጣሊያን አገር የመንግሥት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ውል የሚዋዋል፣ የሕንፃ መሠረት የሚያኖር ሁሉ ከተለመደው ዓመተ ምሕረት ጎን የፋሺዝምን ዓመት በሮማ ቁጥር ያሰፍር ነበር። የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ስላለን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ባለሥልጣኑን ብትጠላውም ቀኑን ስትጽፍ ታስታውሰዋለህ። ማንም ጠመንጃ አልደገነብህም፤ ቀን ብቻ ጻፍክ።

ያ ግቢ ሌላም ነገር አይቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምባቸውን የወረወሩት እዚያ ነው። ታሪኩን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስለተማርነው አልደግመውም። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ እናልፈዋለን፤ ግራዚያኒ ያን ቀን እዚያ የቆመው ምጽዋት ሊሰጥ ነበር። የኔፕልስ ልዑል የተባለ የንጉሣቸው የልጅ ልጅ ተወልዷል ተብሎ የአዲስ አበባ ድሃ ተጠርቶ ግቢው ሞልቷል። መኳንንቱ በአንድ ወገን፣ ካህናቱ በአንድ ወገን፣ ችግረኛው ተሰልፎ። የቦምቡና ከዚያ በኋላ የሆነው የሦስት ቀን እልቂት ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ ሰልፉን አናየውም። የእኛ መንግሥት በኋላ ለዓለም ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ሟች ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ወራሪው ሊያደርግ ያሰበው ግድያ አልነበረም። ከተማው ሁሉ ከእጁ ሲቀበል እርስ በርሱ እንዲተያይ ነበር የፈለገው።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ስሌት መጣብኝ። ፋሺዝም በገዛ አገሩ ተቃዋሚን የሚቀጣ ልዩ ፍርድ ቤት በ1926 እ.ኤ.አ. አቋቁሞ ነበር። ያ ፍርድ ቤት እስከ 1943 እ.ኤ.አ. በሞት አስቀጥቶ ያስፈጸመባቸው ሰዎች 31 ናቸው። ከዚያ በፊት በዱላና በጩቤ የተገደሉ አሉ፤ ማቴዮቲ የተባለው የፓርላማ አባል በ1924 እ.ኤ.አ. ታፍኖ ተገድሏል፤ ሺዎች ራቅ ወዳሉ ደሴቶች ተግዘዋል። ደግ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ግን እዚያ 31 በአሥራ ስድስት ዓመት፣ እዚህ በሦስት ቀን ውስጥ በሺዎች። እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ገዙ፤ እዚህ አምስት ዓመት ብቻ፣ ያውም ከከተማና ከምሽግ ወጣ ሲሉ አርበኛው እየጠበቃቸው። አብዝተው በተኮሱበት አገር ነው ቶሎ የወደቁት። እርግጥ ነው እኛን ያገዘን ሌላም አለ፤ የእንግሊዝ ጦር መምጣቱን የሚረሳ ተራኪ አልሆንም። ነገር ግን ሮም ራሷ ግራዚያኒን አንሥታ ለስለስ ያለ እጅ ያለውን የአኦስታውን መስፍን የላከችው ጥይት ብቻውን አገር እንደማያስተዳድር ስለገባት ነው።

ታዲያ በገዛ አገራቸው ሃያ ዓመት ያቆያቸው ምንድን ነው? ተራዬ ደርሶ ስሜ ተጠራ። ማስረጃዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ታክሲ ተሳፈረ።

የብስኩት ቆርቆሮ

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ለእናቴ የፋይዳ መታወቂያ ልናወጣ ሰነድ ስንፈልግ የብስኩት ቆርቆሮዋን ከፈትን። የልደት ካርድ የላትም፤ በእሷ ዘመን ማን ነበረው? ከጋብቻ ወረቀቷና ከአባቴ ፎቶግራፍ ሥር አንድ የቀበሌ መታወቂያ፣ ጥቂት የስኳር ኩፖኖች፣ በክር የተሰፋች ትንሽ ደብተር አገኘሁ። ደብተሯ በየገጹ ቀንና ማኅተም አላት። ከማኅተሙ ጎን በአንድ ሰው እጅ “ተገኝታለች፣ ተገኝታለች፣ ተገኝታለች” ይላል። የ1969 እና የ1970 ነው።

“ይህ ምንድን ነው?”

“የስብሰባ ነዋ። ስብሰባ ያልሄደ ስኳር የለውም” አለችኝ ቆርቆሮውን እያገላበጠች። “ስኳር ብቻ መሰለሽ? ጤፉም ሳሙናውም። ወንድምሽ የስምንት ወር ልጅ ነበር።”

ከደብተሯ አንድ ገጽ ላይ ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመቷል። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው፤ ከዚያ አወለቀችው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እናቴ ወሬ የምትወድ ሴት ናት፤ ዝምታዋ ያስፈራል።

“የእሷ ልጅ የሞተ ሳምንት ነው” አለች። እሷ ያለችው እትዬን ነው። “ሁለት ቀን ተከታትሎ ስብሰባ ተጠራ።”

ልጁን በስም አውቀው ነበር። እትዬ ቤት ግድግዳ ላይ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፉ አለ። ቀይ ሽብር እንደወሰደው አውቃለሁ፤ በእኛ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም። የማላውቀው ስብሰባውን ነው።

“ከተገደለ በሦስተኛው ቀን። የቀበሌው ሊቀመንበር ቆመና፣ በጸረ አብዮተኛው ላይ የተወሰደውን እርምጃ የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ አለ። እሷ ከፊቴ ተቀምጣለች። ጥቁር እንኳን አልለበሰች፤ መልበስ አይቻልማ። ማልቀስም አይቻል።”

“አነሣሽ?”

“አነሣሁ።”

ልጠይቅ የማይገባኝን ጥያቄ ጠየቅኩ። “እሳቸውስ?”

እናቴ ኩፖኖቹን ሰብስባ እንደ ካርታ አስተካክላ ደረደረቻቸው። “ቀድማኝ ነው ያነሣችው” አለች። “ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሯት።”

ትንሽ ቆይታ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ “ወደ ኋላ አልዞረችም” አለች። “ማን እንዳነሣ ላለማየት ብላ ይመስለኛል። እኔ ግን አየኋት። ማየቴን ደግሞ ታውቃለች።”

“ከዚያ በኋላ ተነጋግራችሁበት ታውቃላችሁ?”

“ምን ብለን?”

ሊቀመንበሩ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። ሞቷል። የእድር አባል ስለነበር እድሩ ቀበረው፤ ድንኳኑም ወንበሩም ወጣለት። እትዬ በሦስተኛው ቀን ሳህን ሲያጥቡ እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች።

የሰው ዐይን

ስለ ቀይ ሽብር ከእኔ በላይ የሚያውቁ ብዙ አሉ፤ ያየም የታሰረም የቀበረም አለ። መስቀል አደባባይ ያለውን የሰማዕታት ሙዚየም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። የሟቾች ፎቶግራፍ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ አጽም አለ፣ የሟች ልብስ አለ። የእናቴ እጅ ግን እዚያ የለም። የትኛው መስታወት ውስጥ ይቀመጣል? ከገዳዮቹ ጎን ነው ወይስ ከሟቾቹ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ተረታችን። ይህ ተረት ለወጊና ለተወጊ ቦታ ሰጥቷል፤ ጦሩ ሲወረወር እጁን ላነሣ ሰው አልሰጠም።

ያን ሌሊት ስለ ቀበሌው ስብሰባ ሳስብ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ሊቀመንበሩ እትዬ እርምጃውን ይደግፋሉ ብሎ አላመነም፤ ያን ያህል ሞኝ አልነበረም። ሊያሳምናቸውም አልሞከረም። የፈለገው እጃቸው ሲነሣ እናቴ እንድታየው፣ የእናቴም እጅ ሲነሣ ከኋላ ያሉት እንዲያዩት ነበር። ስድሳ ሰው ስድሳ ምስክር ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን ይናገር? “የልጅሽ ነገር አሳዘነኝ” ብትላት እናቴ፣ ስታነሣ ታይታለች። “ጨካኞች ናቸው” ቢሉ እትዬ፣ ቀድመው አንሥተዋል። ፍርሃት ጊዜ ሲያልፍ ይቀንሳል፤ አንድ ቀን ጠባቂው ይተኛል፣ አንድ ቀን ሹሙ ይሻራል። እፍረት ግን ጠባቂ አያስፈልገውም። ሰው ራሱ ቤቱ ይዞት ይገባል፣ በብስኩት ቆርቆሮ ይቆልፍበታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ሁለቱ ሴቶች የሚያውቁትን ሳይነጋገሩ በአንድ ግድግዳ ሥር ከአርባ ዓመት በላይ ኖሩ።

የጣሊያኑ ጥያቄ መልስ ያገኘልኝ በዚህ በኩል ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. የሙሶሊኒ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮችን ለፋሺዝም ታማኝ እንሆናለን ብላችሁ ማሉ አላቸው። ከ1,200 ከሚበልጡት መካከል አንምልም ያሉት አሥራ ሁለት ያህል ናቸው። ሌሎቹ ፋሺስት ስለነበሩ ነው የማሉት? ብዙዎቹ አልነበሩም። ደመወዝ፣ ልጅ፣ ያላለቀ መጽሐፍ፣ ከእኔ የባሰ ሰው ወንበሬን ይይዘዋል የሚል ምክንያት ነበራቸው። ምክንያታቸው ሁሉ እውነት ነው። ጎመን በጤና ያላለ ማን አለ? ግን በማግስቱ ተማሪያቸው ፊት ሲቆሙ ተማሪው መማላቸውን ያውቃል፤ እነሱም ማወቁን ያውቃሉ። መንግሥት የገዛው መሐላውን ሳይሆን ይህን መተያየት ነው።

የፓርቲው መታወቂያም እንደዚሁ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሥራ ለሚፈልግ የፋሺስት ፓርቲ አባልነት ግዴታ ሆነ። የፓርቲው ስም በጣሊያንኛ በሦስት ፊደላት ያጥራል፤ ሕዝቡ ፊደላቱን “ለቤተሰብ ችግር ሲባል” ብሎ ፈታቸው። ይህን ቀልድ መጀመሪያ ስሰማ ወደድኩት፤ የተገዛ ሕዝብ ቀልድ ሁልጊዜ ይጣፍጣል። አሁን ሳስበው ግን ቀልዱም ለገዢው ጠቅሞታል። የቀለደ ሰው ልቡ ነጻ እንደሆነ ይሰማዋል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ካርድ ግን አይቀልድም።

ምርጫም ነበራቸው። በ1929 እና በ1934 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ አንድ የተዘጋጀ የዕጩዎች ዝርዝር ቀርቦለት አዎ ወይም አይ እንዲል ተጠየቀ። የአዎ ወረቀት የባንዲራ ቀለም ነበረበት፤ የአይ ወረቀት ነጭ ነው። ውጤቱ በመጀመሪያው ከ98 በመቶ በላይ፣ በሁለተኛው ከ99 በመቶ በላይ አዎ። ሰው እንዴት እንዲህ ባለ ቁጥር ያምናል ብዬ እጠይቅ ነበር። አሁን የሚገባኝ ማንም እንዲያምን አልተፈለገም። እንዲገኝ ነበር የተፈለገው። “ተገኝታለች።”

ከሁሉም በላይ ግን የከበደኝ የቀለበቱ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እኛን ይነካል። ኢትዮጵያን በመውረራቸው የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጥልባቸው፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥቲቱ ሮም ላይ ቀድማ የራሷን ሰጠች። ወርቁን የሰጠች ሴት በምትኩ የብረት ቀለበት ተቀበለች። በቋንቋቸው ቀለበትና እምነት አንድ ቃል ናቸው፤ ዕለቱንም በዚያ ቃል ጠሩት። እስኪ አስቡት። የብረት ቀለበት ያላደረገች ሴት ገበያ ስትሄድ ጣቷ ይታያል። ያደረገችው ደግሞ፣ በፈቃዷም ሰጥታ ይሁን ተጨንቃ፣ ጦርነቱ የእሷ ሆነ። በዚያው ወቅት በመንደሮቻችን ላይ የዘነበው የመርዝ ጋዝ የእሷም ቀለበት አለበት። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ስሕተት ነበር ማለት ቀለበቴን በከንቱ ሰጠሁ ማለት ነው። ይህን ለራሷ የምትናገር ሴት ስንት ትገኛለች?

እዚህ ላይ ደርግ ፋሺስት አልነበረም፣ ማርክሳዊ ነበር የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ በመጽሐፉ ከሄድን ሁለቱ ጠላቶች ናቸው። ያ ትውልድ ግን “ፋሺስቱ ደርግ” ሲል ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አልተዋሰውም፤ ከአያቶቹ ነው የሰማው። እኔም ስለ ርዕዮተ ዓለሙ አልከራከርም። የማወራው ስለ እጅ ነው።

የእጁ ታሪክ ደግሞ ከቤት ኪራይ ይጀምራል። ቀበሌን የወለደው የሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ቤቶች ኪራይ ቀበሌ እንዲሰበስብ ተደረገ። እናቴ ይህን በደስታ ታስታውሳለች፤ ኪራይዋ ቀነሰ፣ ጣሪያዋን ቀበሌው ጠገነላት። ከዚያ ሱቁ መጣ፣ ከሱቁ ጋር ኩፖኑ። ከዚያ ጥበቃው፣ ጠመንጃው፣ እስር ቤቱ። ሁሉም በአንድ ግቢ ውስጥ። ኪራይ የሚቀበልሽ፣ ስኳር የሚሰጥሽ፣ መሸኛ የሚጽፍልሽና ልጅሽን የሚያስረው ሰው አንድ ሲሆን የትኛውን ይዘሽ የትኛውን ትጥያለሽ? ጠመንጃው ብቻውን ቢመጣ እናቴ ታውቀው ነበር። የመጣው ግን ጣሪያዋን ከጠገነው እጅ ጋር ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ጥላ

እሑድ ከእድር ስንመለስ ሁልጊዜ በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በኩል ነው የምናልፈው። ለባቡሩ መሥመር ተነሥቶ በኋላ የተመለሰው ሐውልት ነው። እናቴ እዚያ ስትደርስ ታማትባለች። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች ጳጳሱን ሕዝብ ፊት አቁመው የረሸኗቸው አርበኞችን አላወግዝም ስላሉ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ እሳቸውንም የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሕዝብ እያየ አንድ ቃል ማለት።

እሳቸውን ሳይ እኮራለሁ፤ የአሥራ ሁለቱ ፕሮፌሰሮች ነገርም ያኮራኛል። ግን ደግሞ እበሳጫለሁ። በአደባባዩ ላይ ጀግናን ስናቆም፣ ሳናውቀው ለቀረው ሰው ሁሉ መውጫ እንሰጠዋለን። እኔ ጴጥሮስ አይደለሁም፣ ስለዚህ ምን ላድርግ እንላለን። የአምባገነን ሥርዓት የሚቆጥረው በዚህ ላይ ይመስለኛል። በሺህ አንድ ጴጥሮስ ይወጣል፤ ለእሱ ጥይት አለው። ለ999ኙ የብረት ቀለበትና ኩፖን ይበቃል።

የ999ኙ ሥርዓት ሲወድቅ ደግሞ ማንም ያልነበረበት ይመስላል። በሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. የራሱ የፋሺስት ታላቅ ምክር ቤት 19 ሰዎች ሙሶሊኒን በድምፅ ጣሉት፤ በማግስቱ ንጉሡ አሰረው። ያ ሁሉ ሚሊዮን አባል የነበረው ፓርቲ አንድ ጥይት ሳይተኩስለት ጠፋ፤ መንገዱ በተጣለ የደረት ምልክት ተሞላ። በእሱ ቦታ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ባዶሊዮ ነው፤ አዎ፣ ጋዙን እያዘነበ አዲስ አበባ የገባው ባዶሊዮ። እዚህም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር በወጣ በሁለተኛው ቀን የሌኒን ሐውልት ተገነደሰ። ሰው እልል ብሎ አየው። እናቴም ሄዳ አይታዋለች። እትዬም ሄደው ነበር። “አብራችሁ ሄዳችሁ?” ስላት “አይ፣ እዚያ ነው የተያየነው” አለችኝ።

ደብተሩን ግን አልጣለችውም። ለምን ብዬ ስጠይቃት ወረቀት አይጣልም አለችኝ። ሌላ ምክንያት ካላት አልነገረችኝም።

ባለፈው እሑድ

ባለፈው እሑድ እድሩ እንደገና ተሰበሰበ። በሩቅ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አባላት ቀብር ሲቀሩ ይቀጡ ወይስ አይቀጡ የሚል ጉዳይ ነበር፤ ታክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይሮ የሚመጣ ሰው ስላለ ክርክሩ ጦፈ። እናቴና እትዬ እንደተለመደው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

ሰብሳቢው “ይቀጡ የምትሉ” አሉ። እጆች ተነሡ። እትዬ አላነሡም። እናቴም ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።

“አይቀጡ የምትሉ።”

ብዙ እጅ ተነሣ። እትዬ ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አነሡ። እናቴ አሁንም አልተንቀሳቀሰችም። ጸሐፊው ቆጠሩ፣ መዝገቡን አዩ፣ እንደገና ቆጠሩ። አንድ ሰው ጎደላቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወደ እኛ ረድፍ ተመለከቱ።

“ድምፀ ተአቅቦ አንድ” አሉና ጻፉ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። “ምን አለ?”

“ከሁለቱም ወገን አይደለሽም፣ ድምፅ አልሰጠሽም ብለው መዝገቡ።”

“ዝም ብለው ጻፉት?”

“አዎ።”

ጸሐፊው ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አልፈዋል፤ ስለ አዲሱ ድንኳን እያወሩ ነው። እናቴ ግን አሁንም መዝገቡን እያየች ነበር። ከዚያ ወደ እትዬ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ የከበደ ጆሯቸው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ግማሹ አዳራሽ እየሰማት “እንደዚህም ማድረግ ይቻል ኖሯል” አለቻቸው።

እትዬ መልስ አልሰጡም። ነጠላቸውን አስተካከሉና ትንሽ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።